መሣሪያው ወደ ሕፃኑ ይምጣ

ከአምቦ ተነሥቶ ወደ ወሊሶ በሚያልፈው የተራራ መንገድ የተጓዘ ሰው ሐሮ ወንጪን ሳያደንቅ አያልፍም። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ሐይቁ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይታያል፤ በመካከሉ ባለችው ደሴትም የቂርቆስ ገዳም ይገኛል። በዙሪያው እንሰቱ፥ ፈረሱ፥ ጀልባው፥ ከበታቹም ፍል ውሃው የጐብኝውን ዓይን ይስባሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል አንዷ አድርጎ መምረጡ የሚዘነጋ አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ግን ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ሐይቁ ውበት ለመጻፍ አይደለም። በዚያ ከፍታ፥ በዚያ ብርድ፥ በጭስ በተሞላ ጐጆ ውስጥ ስለሚተነፍስ ሕፃን ለመናገር ነው።

ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ አብረውን ከወጡ ጓደኞቻችን ጋር ወደዚያ ወጥተን ነበር። ማታ ስንመለስ አንዲት እናት ሕፃን በአንቀልባ አዝለው፥ በላዩም ጋቢ ደርበው፥ ከመንገድ ዳር ቆመው መኪና ሲለምኑ አገኘናቸው። «ወዴት ነው፥ አዴ?» ብለን ብንጠይቃቸው «ልጆቼ፥ ትንፋሹ አላምር አለኝ፤ ወደ ከተማ አድርሱኝ» አሉን። አሳፈርናቸው። ሕፃኑ የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበር። ሲተነፍስ የጐድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል፤ የአፍንጫው ቀዳዳም እንደ ደከመ ፈረስ አፍንጫ ይከፈታል። እናቲቱ በመጀመሪያ «ምች ነው» ተብለው ዳማከሴ አሽተውለት፥ ሦስት ቀንም ጠብቀው ኖሯል።

ከሐኪም ዘንድ ስንደርስ በዕድሜ ከእኛ የማይበልጥ አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ሳይዘገይ ኦክሲጅን አደረገለት፤ መድኃኒትም ጀመረለት። በማዳመጫው ጀርባውን ደጋግሞ ካዳመጠ በኋላ ግን ፊቱ ጠቈረ። በግራ በኩል የትንፋሹ ድምፅ ጠፍቷል። ሳንባው ጠጥሮ እንደ ሆነ ወይም በሳንባው ዙሪያ ውሃ ወይም መግል ተጠራቅሞ እንደ ሆነ በጆሮ ብቻ ለመለየት አልተቻለም። የራጁ ክፍል በሌላ ሕንጻ ነው፤ ሠራተኛውም ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ሕፃኑንም ከኦክሲጅኑ ነቅሎ በዝናብ ግቢውን ማሻገር አደጋ ነበር። «ጆሮዬ አንድ ነገር ይለኛል፤ መርፌ ለመስደድ ግን ጆሮ አይበቃም» አለን። ሌሊቱ በጭንቀት አለፈ። በማግሥቱ ራጅ ተነሣ፤ መግል መሆኑ ታወቀ፤ ሕፃኑም ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ድኗል። ዳሩ ግን ብዙ ሳምንት ተኝቶ፥ ወላጆቹም ለመጓጓዣና ለስንቅ አንዲት ጊደር ሸጠው ነው።

ይህን የምንተርከው በማንም ለመፍረድ አይደለም። ወጣቱ ሐኪም በእጁ ባለው ሁሉ የሚቻለውን አድርጓል። የእኛ ጥያቄ «በእጁ ምን መሆን ነበረበት?» የሚል ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ መሠረት በ2019 ዓ.ም. ብቻ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 740,180 ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተዋል። ይህም በዚያ ዕድሜ ከሞቱት ሁሉ ከመቶ 14 እጅ ማለት ነው። አገራችንም ከዚህ መከራ ነፃ አይደለችም። የሠራችው ሥራ ግን መካድ የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ከተጀመረ ወዲህ የሠለጠኑ እኅቶቻችን በየቀበሌው ተሰማርተዋል፤ ከ2010 ወዲህም በጤና ኬላ የሳንባ ምችን እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል። በ2011 ደግሞ ለዚህ በሽታ ዋና መነሻ ከሚሆኑት ተሕዋስያን አንዱን የሚከላከለው ክትባት በአገሪቱ መሰጠት ጀምሯል።

በጤና ኬላ የሚደረገው ምርመራ ቀላልና ብልህነት ያለበት ነው። ሠራተኛዋ የሕፃኑን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቈጥራለች። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60፥ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ከሆነ 50፥ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ከሆነ 40 ወይም ከዚያ በላይ የተቈጠረ እንደ ሆነ «ትንፋሹ ፈጥኗል» ይባላል። ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጐዱም ይታያል። ይህ መንገድ የብዙ ሕፃን ነፍስ አድኗል። ዳሩ ግን ትንፋሽን የሚያፈጥነው የሳንባ ምች ብቻ አይደለም። ትኵሳትም፥ አስምም፥ የልብ ድካምም፥ የደም ማነስም ያፈጥኑታል። በጤና ኬላ ደረጃ ጥርጣሬ ለሕክምና ሊበቃ ይችላል፤ ሕፃኑ ተዳክሞ ከሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በደረሰ ጊዜ ግን ሐኪሙ ከጥርጣሬ የበለጠ ነገር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ሰው የማያየውን የደረት ውስጥ ለማወቅ ያደረገውን ጕዞ ባጭሩ እንመልከት። በ1816 ላኤኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪስ ወረቀት ጠቅልሎ በታማሚዋ ደረት ላይ በማስደገፍ የልቧን ድምፅ አዳመጠ፤ ዛሬ በየሐኪሙ አንገት የምናየው ማዳመጫ ከዚያ ተወለደ። በ1895 ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን አገኘ። ሁለቱ የኩሪ ወንድማማቾች ደግሞ በ1880 አንዳንድ ድንጋይ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ደርሰውበት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ላንዥቨን በዚህ ዕውቀት ተመርኵዞ በባሕር ውስጥ የተደበቀ መርከብ በድምፅ የሚፈለግበትን ዘዴ ሠራ። በ1958 ኢያን ዶናልድ የተባለው የግላስጐው ሐኪም በብረት ውስጥ ስንጥቅ ከሚፈለግበት መሣሪያ ተነሥቶ የእናቶችን ማሕፀን በድምፅ ለማየት የደረሰበትን ውጤት አሳተመ። ለጦርነትና ለፋብሪካ የተፈጠረው ነገር ለእናትና ለልጅ ዋለ።

የሳንባው ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ቈየ። አልትራሳውንድ የሚሠራው ጆሯችን የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ወደ ሰውነት ልኮ የሚመለሰውን ማሚቶ በሥዕል በመግለጥ ነው። ድምፁ በሥጋና በውሃ ውስጥ ያልፋል፤ አየር ሲገጥመው ግን ይመለሳል። ሳንባ አየር ስለ ሆነ «ሳንባ በአልትራሳውንድ አይታይም» የሚል ትምህርት ለዓመታት ጸንቶ ነበር። ሊኽተንስታይን የተባለው በፓሪስ አጠገብ የሚሠራ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ግን ነገሩን ገልብጦ ተመለከተው። ጤነኛው ሳንባ ራሱ ባይታይም የማሚቶው አመላለስ ጤነኛነቱን ይናገራል፤ ታሞ ውሃ ሲገባበት ወይም ሲጠጥር ደግሞ ራሱ መታየት ይጀምራል። ይህን ሥርዓት አበጅቶ በ2008 አሳተመ፤ በ2012 ደግሞ የብዙ አገር ጠቢባን ተስማምተው መመሪያ አወጡለት።

አሠራሩን አንባቢያችን በቀላሉ ሊረዳው ይችላል። ሐኪሙ ትንሽ ጄል ቀብቶ የመሣሪያውን ጫፍ በጐድን አጥንቶች መካከል ያኖራል። በጤነኛ ሳንባ ላይ አንድ ነጭ መስመር ከትንፋሹ ጋር ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት፥ ከበታቹም አግድም መስመሮች እንደ መሰላል ርቦ ሲደጋገሙ ይታያል። በሳንባው ውስጥ እርጥበት ሲበዛ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ብሩህ ጨረሮች ይመጣሉ። ሳንባው ጠጥሮ እንደ ሆነ ጕበት መስሎ ይታያል። በዙሪያው ውሃ ተጠራቅሞ እንደ ሆነ ጥቍር ሆኖ ይገለጣል። መንሸራተቱ የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ አየር ከሳንባው ውጭ ሾልኮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ይጠነቀቃል። የሕፃን ደረት ስስና ትንሽ በመሆኑ ከጐልማሳ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጨረር የለበትም፤ ሕፃኑም ከእናቱ እቅፍ ሳይወጣ፥ ኦክሲጅኑም ሳይነቀል ይፈጸማል።

በ2015 የተለያዩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ አልትራሳውንድ የሳንባ ምች ካለባቸው መቶ ሕፃናት 96ቱን እንደሚያገኝ፥ ከሌለባቸው መቶ ደግሞ 93ቱን በትክክል «የለባቸውም» እንደሚል ተገልጧል። በ2016 በኒውዮርክ 191 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው በተደረገ ፈተና በመጀመሪያ በአልትራሳውንድ በታዩት ዘንድ የራጅ ፍላጎት ከመቶ 38.8 እጅ ቀንሷል፤ ሳይታወቅ ያመለጠ የሳንባ ምችም አልተገኘም። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ከተማ በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት አንድ ሰዓት ብቻ የሠለጠኑ ሐኪሞች 200 ልጆችንና ወጣቶችን መርምረው ከታመሙት መቶ 86ቱን ብቻ እንዳገኙ አሳይቷል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ እንደ እጁና እንደ ዓይኑ ልምምድ ከፍና ዝቅ ይላል።

በድንገተኛ ክፍል ያለው ጥቅም ደግሞ የሳንባ ምችን ከማወቅ ይሰፋል። በሁለቱም ወገን ብዙ ጨረር ያየ ሐኪም የልብን ነገር እንዲያስብ ይገደዳል፤ ልቡ ለደከመ ሕፃን ያላግባብ ፈሳሽ ከመስጠትም ሊታቀብ ይችላል። መግል የተጠራቀመበትን ሕፃን ወዲያው ለይቶ የመርፌውን ቦታ ያመለክታል። ያ ወጣት ሐኪም በዚያ ሌሊት ያጣው ይህን ነበር። በተራራማ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ ከ90 በታች ሲያሳይ የአደጋ ምልክት ነው እንላለን፤ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለበት እንደ ወንጪ ባለ ስፍራ ግን በጤነኛ ልጅም ላይ ዝቅ ያለ ቍጥር ሊታይ ይችላል። ቍጥሩ ሲያጠራጥር ሌላ ምስክር መኖሩ ይረዳል።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚ ሳይኖረን አንቀርም። «ኦክሲጅኑና አሞክሲሲሊኑ ሳይሟላ ስለ አልትራሳውንድ ማውራት ጫማ ሳይኖር ስለ ካልሲ ማሰብ ነው» የሚለን ይኖራል። በቅን ልቡና የተነገረ ተቃውሞ ስለ ሆነ አንንቀውም። እኛም ቅደም ተከተሉ እንዲፈርስ አንፈልግም። መጀመሪያ ትንፋሽ የምትቈጥር ሠራተኛ፥ መድኃኒት፥ የኦክሲጅን መለኪያና ኦክሲጅን መቅደም አለባቸው። መንግሥት በ2016 የሕክምና ኦክሲጅንን የማስፋፋት አገር አቀፍ ዕቅድ ማውጣቱም ለዚህ ነው። አልትራሳውንዱን ዛሬ በየጤና ኬላው እናድል አንልም። የምንለው የታመመው ሕፃን በመጨረሻ በሚደርስበት በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፥ ከአልጋው አጠገብ ይኑር ነው። መሣሪያውም እንደ ድሮው እንደ ቁም ሣጥን የገዘፈ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በኪስ የሚያዝ፥ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ሥዕል የሚያሳይ ዓይነት በጥቂት ሺህ ዶላር ዋጋ ለገበያ ቀርቧል። ገንዘቡ ለድሃ አገር ቀላል ነው አንልም፤ ከአንድ የራጅ ክፍል ወጪ ጋር ሲመዛዘን ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሐኪሞች በኩል የሚመጣ ነው። «ትንሽ ጥላ ባየን ቍጥር መድኃኒት እንሰጣለን፤ ተሕዋስያኑም መድኃኒቱን ይለምዱታል» ይላሉ። እውነት ነው። አልትራሳውንድ ቫይረስ ያመጣውን ከባክቴርያ ሁልጊዜ አይለይም፤ ከሳንባው ጥልቅ ውስጥ ሆኖ ዳሩን ያልነካ ሕመምም ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው የሐኪሙን ጆሮ፥ እጅና አእምሮ የሚተካ ጌታ ሳይሆን አብሮ የሚመሰክር ረዳት ሊሆን ይገባዋል። «መሣሪያው አላሳየም» ተብሎ የሚጨነቅ ሕፃን ወደ ቤቱ ቢመለስ ጥፋቱ የከፋ ይሆናል።

ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ለተቀመጣችሁ ወጣት ሹማምንት አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። ዕቃ መግዛት ቀላሉ ሥራ ነው፤ ሪፖርት ላይም ያምራል። መሣሪያው በካርቶኑ እንደ ታሸገ በመጋዘን ወይም በኃላፊው ቢሮ በቍልፍ ተይዞ ከቈየ ግን አለመገዛቱ ይሻላል። አንድ መሣሪያ ሲታዘዝ ሦስት ነገር አብሮ ይታዘዝ፤ ሥልጠና፥ ጥገና፥ እንዲሁም ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን በተረኛው እጅ እንዲገኝ የሚያደርግ ደንብ። የመሣሪያው ጫፍ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ሲተላለፍ በሽታ እንዳያሻግር የሚጸዳበት ነገር እንኳ በበጀቱ ውስጥ ይጻፍ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥራ የሚሰናከለው ግን ብዙ ጊዜ በትንሹ ነው።

ለሕክምና ተማሪዎችም የምንለው አለን። በአምቦ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላው የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህ ዕውቀት የራጅ ባለሙያ ብቻ ርስት አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2010 ጀምሮ የድንገተኛ ሕክምና ልዩ ትምህርት ሲሰጥ ቈይቷል። ከዚያ የወጡት ባለሙያዎች በየክፍለ ሀገሩ ላሉት ታናናሾቻቸው መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ሐኪም ብቻ ሠልጥኖ ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ተዛውሮ መሣሪያው አቧራ እንዳይጠጣ፥ ነርሶችና የጤና መኰንኖችም ጭምር ይማሩ። በየጤና ጣቢያው አዋላጆች እርጉዝ እናቶችን በተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ እንዲመለከቱ የሠለጠኑበት ምሳሌ በአገራችን አለ። አዋላጇ ከቻለች በሕፃናት ክፍል ያለችው ነርስ የማትችልበት ምክንያት አይታየንም።

አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። የሕፃን ሳንባ ምች ሰዓት አይሰጥም፤ በጧት ቀላል የነበረው በማታ ከእጅ ይወጣል። እናት በአንቀልባ አዝላ፥ ጭቃና ዳገት አቋርጣ የሚቻላትን ያህል መንገድ ትመጣለች። ከደረሰች በኋላ የቀረውን ጥቂት እርምጃ፥ ከራጁ ሕንጻ እስከ ሕፃኑ አልጋ ያለውን ማለታችን ነው፥ መራመድ ያለብን እኛ የተማርነው ነን።

ከወንጪ የመጡትን እናት ከጥቂት ጊዜ በፊት በአምቦ ገበያ አገኘናቸው። ልጁ በእግሩ ቆሞ ቀሚሳቸውን ይጐትታል። ምስጋና ሲያበዙብን አፈርን፤ እኛ ያደረግነው ማሳፈር ብቻ ነበርና። ሲለዩን «ልጆቼ፥ ያን ሌሊት ዶክተሩ ለምን ወዲያው አላወቀም?» ብለው ጠየቁን። «መሣሪያ አልነበረውም፥ አዴ» አልናቸው። «መሣሪያው ሩቅ አገር ነው እንዴ?» አሉ። መልስ አጣን። የሚቀጥለው ክረምት ከመምጣቱ በፊት መልሱን የሚያዘጋጅልን ሰው ከአንባብያን መካከል ይገኝ ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።